በሽሎና መቅደላ ባንድ ይከለሉ

ይድረስ፦ ለደቡብ ወሎ ዞን አስተዳደር፣ ለተንታና ለደላንታ ወረዳ አስተዳደሮች፣ በክልልና በፌዴራል ደረጃ የቅርስ፣ የቱሪዝምና የዱር እንስሳት ጥበቃን ሥራ ለያዛችሁ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም በበሽሎ ግራና ቀኝ ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ

ጉዳዩ፦ ከደላንታ አፋፍ እስከ መቅደላ አምባ ያለው የበሽሎ ሸለቆ በአንድ ጥብቅ ቦታ እንዲከለል ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

መቅደላ ሲነሣ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ አምባው ጫፍ ያነሣል። እኛን የሚያሳስበን ጥበቃውም እዚያው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። አምባው አጥር ቢበጅለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ መጠለያ ቢሠራለት፣ ታፔላ ቢተከል ሥራው ያለቀ ይመስላል። ግን የ1860 ዓ.ም ታሪክ አብዛኛው የተፈጸመው ከጫፉ በታች፣ ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ነው። የሸለቆው እንስሳትም የሚኖሩት በገደሉ ላይ እንጂ በአምባው ሜዳ ላይ አይደለም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ወንዙ፣ ገደሉ፣ አሮጌው መንገድ፣ የጦር ሜዳውና አምባው በአንድ ካርታ፣ በአንድ ደንብና በአንድ አስተዳደር ይጠበቁ። እንዴት እንደሚሠራና የት ላይ ሊበላሽ እንደሚችልም ከዚህ በታች በዝርዝር ጽፈናል።

ታሪኩን በእግር እንከተለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲመጡ መንገድ አልነበረም። መንገዱን እየሠሩ ነው የመጡት፤ ዓለቱን እያስፈለጡ፣ ገደሉን እያስቆረጡ፣ ከደላንታ ወደ በሽሎ ወርደው ወደ ወዲህኛው፣ ወደ ተንታው በኩል፣ ወጡ። ከተጎተቱት ውስጥ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ብቻውን 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ሰባት ቶን ነሐስ በሰው ጉልበት ሸለቆ አውርዶ ሸለቆ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው በደላንታ በኩል አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ላየ ሰው ነው። በሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦርም ከቀይ ባሕር ዳር ከዙላ ተነሥቶ መጥቶ ንጉሡ ባስወጡት መንገድ ወርዶ በሽሎን ተሻገረ። ሚያዝያ 3 ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ ከመቅደላ ሥር ባለው እሮጌ ሜዳ ላይ ውጊያ ሆነ፤ የንጉሡ የጦር መሪ ፊታውራሪ ገብርዬ እዚያ ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ የፋሲካ ማግስት፣ አምባው ተያዘ፤ ንጉሡም ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ተቃጠለ። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ እንደገና በሽሎን ተሻገረና ሚያዝያ 13 እና 14 ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የሸለቆው ታሪክ የጀመረው ደላንታ ነው፤ የተዘጋውም ደላንታ ነው። መቅደላን ያለ ደላንታና ያለ በሽሎ መጠበቅ መጽሐፉን ከመሐል ገንጥሎ አንድ ገጽ እንደ ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ከመዝለል መናገር የሚሻል ነገር አለ። በሥላሴ አምባና በመቅደላ መካከል ያለው ሜዳ እስላምጌ ይባላል። በስቅለቱ ዋዜማ ብዙ እስረኞች እዚያ ተገድለው ወደ ገደል ተጥለዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዚሁ የወሎ ሰዎች ነበሩ። በቦታው የሚተከል ታፔላ የንጉሡን ጀግንነት ብቻ ጽፎ ይህን ቢተው በመንደሩ ያለ ሽማግሌ አንብቦት ዝም ብሎ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ የተጻፈውን ሁሉ አያምንም። ሁለቱም ይጻፉ። ቦታው ሁለቱንም ይችላል።

አሁን ወደ ወንዙ። በሽሎ ከኩታበር ምዕራብ ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ታጥፎ ዐባይ ይገባል። ጨጨሆን የመሰሉ ገባሮቹን ጨምሮ ውኃ የሚሰበስብበት ተፋሰስ ከ13,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህ ተፋሰስ ተጠርጎ የሚሄደው አፈር በዐባይ በኩል ሕዳሴ ግድብ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ይህን ሸለቆ መጠበቅ የተንታና የደላንታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የበጀት ጥያቄ ሲነሣ ይህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ ይኖርበታል።

ሸለቆው ከአፋፉ እስከ ውኃው አንድ ሺህ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በግማሽ ቀን ጉዞ ከደጋ ገብስ ተነሥቶ ቆላ ማሽላ ይደረሳል። ይህ ለእንስሳቱ ትልቅ ነገር ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር በል ነው፤ ቀኑን አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን እየለቀመ፣ ሳይነሣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይውላል። ሲመሽ ወደ ገደሉ ወርዶ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያድራል። ኑሮው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ከላይ የሣር ጥብጣብ፣ ከታች የማይደረስበት ገደል። ገደሉን ማንም አይነካበትም፤ የሚነካበት ሣሩን ነው። አፋፉ ድረስ ከታረሰ ጭላዳው ገብስ ውስጥ ይገባል፤ ገበሬው በድንጋይና በውሻ ያባርራል፤ ቀጥሎ መርዝ ይመጣል። አፋፉ በባሕር ዛፍ ከተሸፈነም ውጤቱ ያው ነው፤ ከባሕር ዛፍ ሥር ለጭላዳ የሚሆን ሣር አይበቅልም። ስለዚህ ከገደሉ ጠርዝ ወደ ውስጥ ቢያንስ 50 ሜትር የማይታረስ፣ ዛፍ የማይተከልበት፣ ሣሩ እየታጨደ ለከብት መኖ የሚሆን ጥብጣብ እንዲተው እንጠይቃለን። ለገበሬው መሬቱ አይወሰድም፤ አጠቃቀሙ ነው የሚለወጠው። የአጨዳ መብቱ በስሙ በይዞታ ደብተሩ ላይ ይጻፍለት። ሳይጻፍ በቃል የተሰጠ ተስፋ ሁለት ክረምት አይሻገርም።

ክለላው በዚህ ይጀመር። ብዙ ጥብቅ ቦታዎች የሚበላሹት መጀመሪያ ካርታው ቢሮ ውስጥ ተሠርቶ ኋላ ለቀበሌው ስለሚነገር ነው። ሰው ያላየውን መስመር አይቀበልም፤ ችካሉን ማታ ነቅሎ ማሳው ውስጥ ያርሳል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። ከእያንዳንዱ ቀበሌ ሽማግሌዎች፣ ቄሶችና ሼሆች፣ በገደሉ ከብት የሚያሰማሩ ወጣቶች፣ እንጨትና ውኃ የሚቀዱ ሴቶች ተመርጠው ከቀያሹ ጋር መስመሩን በእግር ይሂዱ። ክርክር በተነሣበት ነጥብ ላይ ቆመው እዚያው ይጨርሱ፤ «በኋላ እንወስናለን» የተባለ ነጥብ ሁልጊዜ የፍርድ ቤት ነጥብ ይሆናል። በየነጥቡ ጂፒኤስ ይነበብ፣ ቁጥሩ በሦስት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ በቀበሌ፣ አንዱ በወረዳ፣ አንዱ በዞን ይቀመጥ። ለችካል ሲሚንቶ አያስፈልግም፤ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ክምር፣ ከአንዱ ቆሞ ቀጣዩ በሚታይበት ርቀት፣ በቂ ነው። ሕጉም መንገድ ይሰጣል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ጥብቅ ቦታ በክልል ወይም በአካባቢው ማኅበረሰብ ሊተዳደር እንደሚችል ያስቀምጣል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ለታሪካዊው ክፍል ይሆናል። በሰሜን ወሎ አቡነ ዮሴፍ፣ በመንዝም ጓሳ በማኅበረሰብ ጥበቃ የቆዩ ቦታዎች ናቸው፤ ከሩቅ አገር ልምድ መቅዳት አያስፈልገንም።

ከክለላው ቀጥሎ የሚመጣው ቦረቦር ነው። ወደ ወንዙ የሚወርዱት ተዳፋቶች በጎርፍ እየተቆረጡ ናቸው፤ የአሮጌው መንገድ ጠላትም ከሰው ይልቅ ይህ ጎርፍ ነው። ክትር፣ ማለትም ጎርፉን ለማብረድ በቦረቦሩ ውስጥ አግድም የሚካብ ድንጋይ፣ ስንሠራ የምንሳሳትበት ቦታ የታወቀ ነው። ክትሩ መሐሉ ላይ ማስተንፈሻ ሳይተውለት ቀጥ ብሎ ይካባል፤ ውኃው በላዩ መሄድ ሲያቅተው በጎኑ ዞሮ ዳሩን ይቆርጣል፤ በዓመቱ ክትሩ በቦታው ቆሞ ቦረቦሩ በእጥፍ ሰፍቶ ይገኛል። መፍትሔው ውድ አይደለም። መሠረቱ ግማሽ ሜትር ይቆፈር። ሁለቱም ጫፎች ቢያንስ 70 ሴንቲ ሜትር ወደ ቦረቦሩ ግድግዳ ይግቡ። መሐሉ ከጫፎቹ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ውኃው ከላይ ሲወርድ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ከክትሩ ሥር ይነጠፍ፤ አለዚያ እግሩን ቆፍሮ ይጥለዋል። ርቀቱም በግምት አይሁን፦ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ሜትር ቁመት ያለው ክትር አሥር በመቶ ተዳፋት ላይ በየ10 ሜትሩ፣ ሃያ በመቶ ላይ በየ5 ሜትሩ ይሠራል። ሥራውም ከላይ ወደ ታች ነው፤ ከታች የጀመረ ሰው የላይኛው ጎርፍ ሲመጣ የሠራውን ሁሉ ያጣል።

በዚሁ ላይ በጣም የምንፈራውን እንናገር። በየዓመቱ በበጋ የተፋሰስ ዘመቻ ይወጣል፤ ሕዝቡ እርከንና ክትር ይሠራል፤ ይህ ወሎ በብዙ ድካም የገነባው ባህል ነውና እናከብረዋለን። ዘመቻው ግን ድንጋይ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ደግሞ የሚለቀመው ከቅርብ ነው። በዚህ ሸለቆ ውስጥ ቅርብ የሆነው ድንጋይ የንጉሡ መንገድ ድጋፍ ካብ ሊሆን ይችላል፤ የፈረሰ የሰፈር መሠረት ሊሆን ይችላል፤ የመቃብር ክምር ሊሆን ይችላል። አንዴ ከተለቀመና እርከን ውስጥ ከገባ የሚመልሰው የለም፤ ክፋት ሳይታሰብበት፣ በልማት ስም፣ በአንድ ቀን ጠዋት ያልቃል። ስለዚህ ዘመቻው ከመውጣቱ በፊት የቅርስ ባለሙያና የልማት ሠራተኛው አብረው ይሂዱ፤ የማይነካው ክምርና ካብ በነጭ ኖራ ምልክት ይደረግበት፤ ድንጋይ የሚወጣበትም ቦታ ተለይቶ ለየቡድኑ ይነገር። ኖራው በክረምት ይታጠባል፤ ጉዳት የለውም። ቀለም ግን አይቀባ።

የመንገዱ ካብ የፈረሰበትን መጠገን ካስፈለገ ሲሚንቶ እንዳይገባበት አጥብቀን እንለምናለን። ደረቅ ካብ የሚቆመው ውኃ በመካከሉ ስለሚያሳልፍ ነው። በሲሚንቶ የተለሰነ ካብ ከኋላው ውኃ ይቋጥራል፤ አፈሩ ያብጣል፤ ካቡ በሁለት በሦስት ክረምት ሆዱን ያወጣና በአንድ ጊዜ ይዘረገፋል፤ ሲዘረገፍም አሮጌውን ድንጋይ ይዞ ነው። በደረቁ ሲካብ ትልቁ ድንጋይ ከሥር ይሁን፤ ፊቱ በየአንድ ሜትር ከፍታው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ተዳፋቱ ያዘንብል፤ ከፊት እስከ ኋላ የሚደርስ ማሰሪያ ድንጋይ በየሜትሩ ይግባ፤ መሐሉ በጠጠርና በስባሪ ድንጋይ ይሞላ እንጂ አፈር አይጨመርበት። ከጥገናውም በፊት ውኃው ይመለስ፤ መንገዱን አግድም የሚያቋርጥ የድንጋይ ቦይ፣ ቁልቁለቱ በከፋበት በየ20 ሜትሩ፣ ጎርፉን ወደ ገደሉ አውጥቶ ይጥላል። ቦዩ ሳይሠራ የተጠገነ ካብ ገንዘብ ማባከን ነው። የጥገናው ፎቶም ከመጀመሩ በፊት፣ በመካከልና ከተጠናቀቀ በኋላ ይነሣ፤ ወደፊት የሚያጠና ሰው የንጉሡን ድንጋይ ከእኛ ድንጋይ መለየት አለበት።

ወደ አምባው እንውጣ። በመቃጠሉ ምክንያት ከላይ የቆመ ብዙ ነገር የለም፤ ያለው ከመሬት ሥር፣ ያውም በጣም በቅርቡ ነው። የቤት መሠረት፣ ዓመድ፣ የቀለጠ ብረት፣ ሸክላ፣ ከአንድ ክንድ ባነሰ ጥልቀት ይገኛል። ለችግኝ የሚቆፈር ጉድጓድ በተለምዶ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ማለትም ያንን ንብርብር ቀጥ ብሎ ይበሳዋል። አንድ ሺህ ችግኝ አንድ ሺህ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የአምባው ሜዳ የመሬት ቅኝት ተሠርቶለት ባዶ ቦታው እስኪለይ ድረስ ችግኝ አይተከልበት፤ የአረንጓዴ አሻራው ችግኝ ወደ ቦረቦሮቹና ወደ ወንዙ ዳር ይውረድ፤ እዚያ በጣም ይፈለጋል። ለተመሳሳይ ምክንያት በአምባው ላይ የእንግዳ ማረፊያ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የኮንክሪት ሐውልት አይሠራ። መኪና የሚያስወጣ መንገድም አይቆረጥ። በዚህ ላይ ብዙዎች አይስማሙንም፤ መኪና ካልወጣ ጎብኚ አይመጣም ይላሉ። እኛ ደግሞ መቅደላ የሚገባው በእግር ሲወጡት ነው ብለን እናምናለን፤ በግሬደር የተቆረጠ ተዳፋት ደግሞ ዳግመኛ አይገጠምም። አቅም የሌለው ሰው በበቅሎ ይወጣል፤ ለበቅሎ ባለቤቱም እንጀራ ይሆናል።

ሴባስቶፖልም እዚያው ይኑር። አዲስ አበባ ላይ ያለው አምሳያው ነው፤ ዋናው ከመቅደላ አይነቀል። ነሐስ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ጨው ይበላዋል። በየቀኑ የሚነካው የእጅ ላብ፣ የሚጠራቀም የዝናብ ውኃና እርጥብ አፈር ሲገናኙ ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነገር ይታይበታል፤ በጣት ሲነካ ይረግፋል፤ ከሥሩ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። ይህ ሕመም ነው፤ ቆሻሻ አይደለም። በሰፊው ያለው ጠቆር ያለ፣ ለስላሳ ቀለም ግን ራሱን የሚጠብቅበት ቆዳው ነው። ልዩነቱን ያላወቀ ጥበቃ ለበዓል ላሳምረው ብሎ በአሸዋ፣ በሽቦ ብሩሽ ወይም በሎሚ ሲፈትገው ቆዳውን ገፎ ሕመሙን ይከፍትበታል። ስለዚህ አይፈተግ፣ አይቀባ፣ ቅባት አይደረግበት። በዙሪያው ያለው አፈር ውኃ እንዳይቋጥር ከመድፉ ወጣ ብሎ ጥልቀት የሌለው የጠጠር ቦይ ይሠራ፤ አፉ ውስጥ ውኃና ቅጠል እንዳይጠራቀም በየሳምንቱ ይታይ፤ ሰው ሁለት ሜትር ርቆ እንዲቆም በገመድ ይከለል። ኮንክሪት ከሥሩ አይፍሰስ፤ ሲሚንቶ ራሱ እርጥበትና ጨው ያመጣበታል። ደማቁ አረንጓዴ ዱቄት ከታየ ፎቶ ተነሥቶ ለቅርስ ባለሥልጣን ይላክና በብረታ ብረት ጥገና የሠለጠነ ሰው ይምጣ።

እሮጌ ላይ ደግሞ የሚጠበቀው ነገር ትንንሽ ነው። እርሳስ ጥይት፣ ቀለህ፣ የሮኬት ስባሪ። እንግሊዞች ከኋላ የሚጎርሰውን የስናይደር ጠብመንጃ በጦርነት መጀመሪያ የተጠቀሙት እዚያ ነው፤ የባሕር ኃይል ሰዎቻቸው ሮኬት ተኩሰዋል። አንድ ቀለህ በኪስ ከገባ ብረት ነው፤ በወደቀበት ከተመዘገበ ግን ማን የት ቆሞ እንደተኮሰ ይናገራል። ለሚያገኘው ገበሬ መመሪያው አጭር ይሁን፦ አታንሣው፤ በአጠገቡ ድንጋይ አኑርበት፤ ስልክ ካለህ ፎቶ አንሣ፤ ለቀበሌው ተናገር። ማረሻ ካወጣውም ያው ነው። የቅርሱ አዋጅ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲነገርና እንዳለ እንዲጠበቅ ያዛል። በቁራጭ ገንዘብ ግን አይከፈል። ለእያንዳንዱ ቀለህ ሃምሳ ብር የሚሰጥ መሥሪያ ቤት በወሩ ሜዳው ተቆፍሮ ያገኘዋል። የሚሻለው ለቀበሌው በጅምላ፣ ማሳው ሳይቆፈር ለቆየበት ዓመት፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለውኃ ጉድጓድ የሚውል ድርሻ መስጠት ነው።

ወንዙ ዳር ያለው ችግር ሦስት መልክ አለው። በሞተር ፓምፕ የሚለማ ሽንኩርት እስከ ውኃው ከንፈር ድረስ ይታረሳል፤ ክረምት ሲመጣ ዳሩ ተቦጭቆ ማሳውም አብሮ ይሄዳል። ከውኃው ከፍተኛ ምልክት 30 ሜትር ሳይታረስ ቢቀር የመጀመሪያው ተጠቃሚ ራሱ ባለማሳው ነው። እዚያ አኻያ ይተከል፤ ከአውራ ጣት የወፈረ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ሁለት ሦስተኛው እርጥብ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ከሰኔ በፊት ከተተከለ ችግኝ ጣቢያ ሳያስፈልገው ሥር ይሰዳል። ከአኻያው በላይ ሾላና ዋንዛ፣ ከዚያ በላይ ግራር። ሁለተኛው አሸዋ ነው። ከወንዙ ማጠፊያ ውጫዊ ዳር አሸዋ ሲወጣ ውኃው ወደዚያው ይጎተትና ገደሉን ይነድላል። ማውጣት ግድ ከሆነ ከውስጠኛው ማጠፊያ፣ በበጋ ብቻ፣ ከበጋው ውኃ ወለል በላይ ያለው ይወሰድ፤ ከድሮ መሻገሪያዎች አጠገብ ግን ፈጽሞ አይወሰድ። ሦስተኛው ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ኩሬ ውስጥ ሲጨመር ትልቁን ዓሣ ብቻ አያደነዝዝም፤ ጫጩቱንና ዓሣው የሚበላውን ነፍሳት ሁሉ ይዞ ይሄዳል፤ ያ ኩሬ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቆያል። ይህን በክልከላ ብቻ ማስቆም አይቻልም፤ ዓይኑ ሰፋ ያለ መረብ ለወጣቶቹ በማኅበር ቢቀርብ ይሻላል።

ስለ መርዝ ካነሣን፣ ጅብ ወይም ውሻ ለመግደል ሬሳ ላይ የሚነሰነሰው መርዝ በመጀመሪያ የሚገድለው ጥንብ አንሣውን ነው። አንድ የተመረዘ አህያ የአካባቢውን አሞራ ሁሉ በአንድ ጠዋት ሊጨርስ ይችላል። አሞራ ሲያልቅ ሬሳው ሜዳ ላይ ይከርማል፤ ውሻ ይበዛል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ይከተላል። ለበግና ለፍየል ከመርዝ የሚሻለው ከላይም በእሾህ የተከደነ በረት ነው፤ ነብር የሚገባው ከላይ ነውና። በገደሉ ላይ ማር ለመቁረጥ የሚጫረው እሳትም ከጥር እስከ ግንቦት አደጋ ነው፤ የሚቆርጡት ሰዎች ስለሚታወቁ ተመዝግበው፣ በጭስ ማውጫ ቆርቆሮ እንዲሠሩ፣ ውኃ የሚይዝ ሰው አብሯቸው እንዲሄድ ይደረግ።

ያለውን ሳይቆጥሩ ጥበቃው ሠርቷል ማለት አይቻልም። ጭላዳ ለመቆጠር የሚመች እንስሳ ነው፤ ጠዋት ከገደሉ ወጥቶ አፋፉ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ መንጋው በአንድ ቦታ ይታያል። በደላንታና በተንታ በኩል በአንድ ጊዜ፣ ለሦስት ተከታታይ ጠዋቶች፣ በየነጥቡ ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ ለየብቻው ቆጥሮ በኋላ ያስተያይ። ጋማ ያላቸው ትልልቅ ወንዶች፣ ሴቶችና ግልገሎች ተለይተው ይጻፉ፤ የግልገሉ ቁጥር ነው የወደፊቱን የሚናገረው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኅዳርና በግንቦት፣ ሁልጊዜ ከዚያው ነጥብ ይቆጠር። የሚቆጥሩትም እዚያው የሚኖሩ፣ አበል የሚከፈላቸው ወጣቶች ይሁኑ።

በደላንታ በኩል ኦፓል አለ። የሚገኘው በገደሉ ወገብ ባለ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር ባነሰ ንብርብር ውስጥ ስለሆነ ቆፋሪዎቹ አግድም ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ከላይ ያለው ዓለት ድጋፍ ሲያጣ ይናዳል፤ ሰው ይሞታል። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ይዘጋ አንልም። ግን የጥብቅ ቦታው መስመር ሲሰመር የቁፋሮው ቦታ በግልጽ ተለይቶ ውጭ ይቅር፤ ቁፋሮው ከአሮጌው መንገድ በላይ አይሁን፤ የሚወጣው ጥራጊም ወደ ገደሉ አይደፋ፤ ታች ያለው ምንጭ የሚደፈነው በዚያ ነው።

ለእንግዶች የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፤ መጨረሻ ላይም መምጣት ያለበት ነው። ማንም ሰው ወንዙ አሸዋ ላይ ድንኳን እንዳይተክል ይነገር። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሰማዩ እዚህ ጠርቶ ላይ ኩታበር ዘንቦ ውኃው በድንገት ይደርሳል። ደፍርሶ ሣርና ጭራሮ ይዞ መምጣት ሲጀምር መሻገር የለም፤ ጉልበት ላይ የደረሰ ፈጣን ውኃ አዋቂን ይጥላል። የበቅሎና የአስጎብኚ ሥራ ከሁለቱም ወረዳ በተራ ይሁን፤ ተራው በሰሌዳ ይጻፍ። መግቢያው በደረሰኝ ብቻ ይከፈል፤ የቀበሌዎቹ ድርሻም በየሦስት ወሩ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ ይነበብ። ጭላዳ ዳቦ አይሰጠው፤ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳል፣ በኋላም ይገደላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት አይሠራም፤ መሠራትም የለበትም። ከመጪው የተፋሰስ ዘመቻ በፊት የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ የማይነካው ድንጋይ በኖራ ምልክት ይደረግበት፤ በአምባው ሜዳ ላይ ችግኝም ግንባታም ለጊዜው ይቁም፤ የሁለቱ ወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ የሁለቱም ዳር ሽማግሌዎች ባሉበት፣ አንድ ቀን ይገናኙ። ስብሰባው በወረዳዎቹ ከተሞች፣ አጅባር ወይም ወገልጤና፣ አዳራሽ ውስጥ ባይሆን እንመርጣለን። በበጋ ውኃው ሲጎድል፣ በሽሎ መሻገሪያ ላይ፣ ከሾላው ጥላ ሥር ይሁን፤ ከደላንታ የሚመጣው ወርዶ፣ ከተንታ የሚመጣውም ወርዶ። መስመሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ጂፒኤሱን፣ ኖራውንና የመመዝገቢያውን ደብተር ይዘን እዚያ እንገኛለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በወሎ በቅርስ፣ በተፋሰስና በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ የተሰማራን ባለሙያዎች